መኪናው አልነሣ ያለ እንደ ሆነ

ሰው ከሚገለገልባቸው መሣሪያዎች ሁሉ እንደ መኪና በእልኸኝነት የሚታማ የለም። ውኃ የማይወርድበት ቧንቧ «ተዘጋ» ይባላል፤ ድምፁ የጠፋ ሬዲዮ «ተበላሸ» ይባላል፤ መኪና ግን ጠዋት ቁልፉ ዞሮ ሞተሩ ዝም ያለ እንደ ሆነ «አልነሣም አለ»፥ ባስ ሲልም «እምቢ አለ» ይባላል። ይህ አነጋገር ከአባቶቻችን የበቅሎ ዘመን የተረፈ ይመስለናል። በቅሎ በእርግጥ እምቢ ትላለች፤ ፈቃድ አላትና። ብረት ግን ምክንያት እንጂ ፈቃድ የለውም። ነገሩ የቃል ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል፥ ከአነጋገሩ የሚከተለውን አድራጎት መመልከት ይበቃል። እምቢ ያለ ፍጡር ይለመናል፥ ይገፋል፥ አለዚያም ያስከፋው ሰው ማን እንደ ሆነ ይጠየቃል። ምክንያት ያለው ነገር ግን ይመረመራል። በዚህ ጽሑፍ ልንገልጸው የምንፈልገው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው።

መኪና አልነሣ ባለ ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ የሚሆነውን አንባቢ ሳይታዘበው አልቀረም። ዘበኛው ቀርቦ «ባትሪ ነው» ይላል፤ ሒሳብ ሹሙ በመስኮት ብቅ ብሎ «ናፍጣው ውኃ ገብቶበታል» ይላል፤ በዚያ የሚያልፈው ባለጉዳይ ሳይቀር «ሞተሪኖው ተቃጥሏል፤ የወንድሜም መኪና እንዲሁ ሆኖ ነበር» ብሎ ምስክርነቱን ይሰጣል። ሁሉም መልስ ያቀርባል፤ ጥያቄ የሚያቀርብ ግን አይገኝም። «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» የሚለው ብሂል ለሽምግልና ብቻ የተነገረ ሳይሆን፥ ለጋራዥም የሚያገለግል መሆኑን የምንዘነጋው በዚህ ጊዜ ነው።

ቀድሞ ሞተር የሚነሣው በክንድ ኃይል ነበር። ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ አውቶሞቢል ለዐፄ ምኒልክ ይዞ አዲስ አበባ በገባበት በ1900 ዓ.ም. የነበሩት መኪኖች፥ ከፊት ለፊታቸው የሚሰካ የብረት መዘውር ነበራቸው፤ እርሱም ማኖቬላ ይባላል። መዘውሩን የሚያዞረው ሰው የሞተሩን ክብደትና ቅለት በክንዱ ያውቀው ነበር፤ መዘውሩ ወደ ኋላ ተመልሶ የመታው እንደ ሆነም ክንዱ ይሰበር ነበር። ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በኤሌክትሪክ የሚያስነሣውን መሣሪያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1911 ሠርቶ፥ ካዲላክ በ1912 መኪኖቹ ላይ ካዋለው ወዲህ ክንድ ዐረፈ። ነገር ግን ክንድ ሲያርፍ ዕውቀቱም አብሮ ዐረፈ። ዛሬ ቁልፍ የሚያዞር ሰው ከጣቱ ጫፍ በስተጀርባ ምን እንደሚሠራ አይሰማውም። ስለዚህ ክንድ ያውቀው የነበረውን አሁን በጥያቄ ማወቅ አስፈላጊ ሆኗል።

የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም «ሞተሩ ይዞራልን፥ ወይስ አይዞርም?» የሚለው ነው። ሞተሩ እየዞረ የማይነሣ መኪናና ከነጭራሹ የማይዞር መኪና ሁለቱም «አልነሣም አሉ» ቢባሉም፥ በሽታቸው ራስ ምታትና ቍርጥማት የተለያዩትን ያህል የተለያየ ነው። ሞተሩ ካልዞረ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው ለማለት ይቻላል፤ ሞተሩ ራሱ የተነከሰበት ጊዜ ቢኖርም ጥቂት ነው። ሞተሩ እየዞረ ካልተነሣ ግን የነዳጅ፥ የአየር ወይም የእሳት ጉዳይ ነው። ይህ አንድ ጥያቄ የጥርጣሬውን ግማሽ ያስወግዳል። የመልካም ጥያቄ ምልክቱም ይኸው ነው፤ መልሱ ወዲህም ሆነ ወዲያ ቢሆን፥ ከቀረው ሥራ ግማሹን ያቃልላል።

ሞተሩ የማይዞር ከሆነ የሚቀጥለው ጥያቄ በመብራት ይጠየቃል። የፊት መብራቱን አብርቶ ቁልፉን ማዞርና መብራቱ የሚያደርገውን መመልከት ነው። መብራቱ እንደ ጧፍ ፍም ደክሞ የሚጠፋ ከሆነ፥ ባትሪው ባዶ ሆኗል፥ ወይም ራሶቹ ላይ ያሉት ማሰሪያዎች ላልተዋል፥ ወይም በነጭና በአረንጓዴ ዝገት ተሸፍነዋል ማለት ነው። ከሞተሪኖው በኩል «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» የሚል ፈጣን ድምፅ ሲሰማም ትርጉሙ ይህንኑ ይመስላል። መብራቱ ሳይደክም እንደ ደመቀ ከቀረና ሞተሩም ዝም ካለ ግን፥ ባትሪውን ወቅሶ መጣል አይገባም፤ ኃይሉ አለ፥ ወደሚፈለግበት ቦታ ግን አልደረሰም። ያን ጊዜ የሚጠረጠሩት የቁልፉ ማገናኛ፥ ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች፥ ሞተሪኖው ራሱ፥ ወይም ወፋፍራሞቹ ገመዶች ናቸው።

ብዙ ሰው «መብራቱ እየበራ መኪናው እንዴት አይነሣም?» ብሎ የሚደነቀው፥ የሁለቱን ፍላጎት ስለማያነጻጽር ነው። ሁለቱ የፊት መብራቶች ተባብረው የሚጠጡት ዐሥር አምፔር ያህል ነው፤ የናፍጣ መኪና ሞተሪኖ ግን ሁለት መቶ አምፔርና ከዚያም በላይ ይጠጣል። ግማሹ በደለል የተዘጋ ቧንቧ አንድ ብርጭቆ ለመሙላት አያንስም፤ እሳት ለማጥፋት ግን አይበቃም። ደኅና የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ዐርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ 12.2 ካሳየ ግማሹ አልቋል። ዋናው ፈተና ግን በዕረፍት ሳይሆን በሥራ ላይ ነው። ሞተሪኖው በሚያዞርበት ሰዓት ከ9.6 ቮልት በታች የሚወርድ ባትሪ ለዚህ ሥራ አይታመንም። ሰውም ቢሆን በተቀመጠበት አይመዘንም።

ይህን ያህል ዝርዝር የጻፍነው፥ ነገሩ ከብረት አልፎ ወደ ሰው የደረሰበትን አንድ ጉዳይ ስለምናውቅ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የደጋ ከተማ በሚገኝ መሥሪያ ቤት ተመድበን እንሠራ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ለገጠር ሥራ የሚያገለግል አንድ የናፍጣ ላንድ ክሩዘር ነበረው። መኪናው ክትባት የያዙ የበረዶ ሣጥኖችን ጭኖ ወደ ጤና ኬላዎች ስለሚወጣ፥ አንድ ቀን የቀረ እንደ ሆነ ሕፃናቶቻቸውን አዝለው ሁለትና ሦስት ሰዓት የተጓዙ እናቶች በከንቱ ይመለሳሉ። በጥቅምት ወር ጠዋት ጠዋት አልነሣ ቢል አዲስ ባትሪ ተገዛለት። አንድ ወር ያህል ደኅና ከሠራ በኋላ፥ በታኅሣሥ ብርድ እንደ ገና ዝም አለ።

ያን ጊዜ በግቢው ውስጥ አንድ አስተሳሰብ ተነሣ፤ አካሄዱም ለሰሚው የተስተካከለ ይመስል ነበር። «አዲስ ባትሪ በሁለት ወር አይሞትም፤ እንግዲያው በመኪናው ላይ ያለው አዲሱ አይደለም፤ አዲሱን በአሮጌ የለወጠውም ቁልፉን የያዘው ሰው ነው» ተባለ። ቁልፉን የያዙት፥ በግቢው ሁሉ «ጋሼ» እየተባሉ የሚጠሩ፥ ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገሉና ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት የቀራቸው ሾፌር ነበሩ። ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እኛም የቃለ ጉባኤው ጸሐፊ እንድንሆን ታዘዝን። የባትሪው ዋጋ ከደመወዛቸው እንዲቈረጥ የሚያሳስብ ደብዳቤ ረቂቁ ተዘጋጅቶ ፊርማ ይጠብቅ ጀመር። ጋሼ ለሰላምታ የሚሰጡት መልስ አጠረ፤ ምሳቸውንም ብቻቸውን መብላት ያዙ።

በዚህ መካከል መኪናው በቶሎ ስለሚፈለግ፥ ከከተማው አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠራ። በቴክኒክና ሙያ የተማረ ልጅ ነው፤ በእጁ አንድ ካቻቢቴ፥ አንድ ፒንሳና አንድ ቴስተር ብቻ ነበር። ኮሚቴው ስለ ባትሪው ሊያስረዳው ሲጀምር በትሕትና ሰምቶ ሲያበቃ፥ ወደ ሾፌሩ ዘወር ብሎ፥

«ጋሼ፥ ቁልፉን ሲያዞሩት ምን ይሰማዎታል?» አላቸው።

በሁለት ወር ውስጥ ይህን ጥያቄ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

«አንድ ጊዜ ቀጭ ይልና ዝም ነው፥ ልጄ። መብራቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ፀሐይ ሞቅ ሲል አንዳንድ ቀን ይነሣል» አሉት።

ልጁ በመጀመሪያ ቴስተሩን በባትሪው ሁለት ራሶች ላይ አድርጎ ለካ፤ 12.6 አሳየ። ጋሼ ቁልፉን እንዲያዞሩ ጠይቆ ሲለካም ከ12 አልወረደም። ይህም ባትሪው ጤናማ መሆኑን ብቻ ሳይሆን፥ ሥራ ፈትቶ መቀመጡንም ያስረዳል፤ ሞተሪኖው የሚገባውን ኃይል ቢጠጣ ኖሮ የባትሪው ቮልት ዝቅ ይል ነበርና። ቀጥሎ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው ነጋቲቭ ራስ፥ ሁለተኛውን በሞተሩ ብረት ላይ አሳረፈና ቁልፉን አስዞረ። በጤናማ መኪና ላይ በዚህ መንገድ ሲለካ ከግማሽ ቮልት የሚበልጥ ሊታይ አይገባም፤ ቴስተሩ ግን ከ7 በላይ አሳየ። ከባትሪው ከሚወጣው ኃይል የሚበዛው በመንገድ ላይ እየቀረ ነበር ማለት ነው።

ወጣቱ ብዙ አልተናገረም። የባትሪ ማበደሪያውን ወፍራም ገመድ አምጥቶ አንዱን ጫፍ በነጋቲቩ ራስ፥ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አሰረና «አሁን ይሞክሩት» አለ። ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሣ። ከሥር ተኝቶ ሲመለከት፥ መካኒኮች «ማሳ» የሚሉት፥ ሞተሩን ከባትሪው ነጋቲቭ ጋር የሚያገናኘው ገመድ፥ ላስቲኩ ደኅና መስሎ መዳቡ በውስጡ በዝገት ተበልቶ አገኘው። መብራቱ በሌላ ማሳ ስለሚሠራ ሳይደክም ቀርቷል። በጥቅምት ባትሪው ሲለወጥ ገመዱ ተነካክቶ ጥቂት ክሮች ስለ ተገናኙ፥ አዲሱ ባትሪ ያዳነው መስሎ ነበር። የተጣለውም አሮጌ ባትሪ ምናልባት ምንም በደል አልነበረበትም።

ከዚያ በኋላ ከኮሚቴው አባላት አንዱ ወደ ንብረት ክፍል ሄደው ባትሪው የወጣበትን ሞዴል 22 አስመጡ። በሰነዱ ላይ የተጻፈው የባትሪው ቍጥርና በመኪናው ላይ ያለው ባትሪ ቍጥር አንድ ሆኖ ተገኘ። ይህን ለማመሳከር የሚያስፈልገው ዐሥር ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ሰነዱም ከኮሚቴው መሰብሰቢያ ሦስት ክፍል አልፎ በሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

በማግሥቱ ቃለ ጉባኤው ሲዘጋጅ «የመኪናው ብልሽት የማሳ ገመድ መሆኑ ታውቆ ተጠግኗል» ከሚለው በቀር ሌላ ቃል እንደማያስፈልግ ሰብሳቢው ነገሩን። እኛ የሾፌሩ ስም ከጥርጣሬ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር እንዲጨመር አሳሰብን። «ያልተከሰሰ ሰው ከምን ነጻ ይወጣል? ደብዳቤው እኮ አልወጣም» አሉ። «ደብዳቤው አልወጣም፤ ወሬው ግን ወጥቷል» ብለን መለስን። ክርክሩ ገመዱን ከመጠገን የበለጠ ጊዜ ወሰደ። በመጨረሻ አንድ መስመር ተጨመረ፤ ግልባጩም ለጋሼ ተሰጣቸው። እርሳቸው አንብበው አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱትና፥ «በሉ እንግዲህ፥ በረዶው ሳይቀልጥ እንጫን» አሉ።

የዚህ ሁሉ ፍሬ ነገር፥ ኮሚቴው ክፉ ሰዎች የተሰበሰቡበት ነበር ለማለት አይደለም። አልነበረም። ከጥያቄ ሳይሆን ከመልስ ስለ ጀመሩ፥ የያዙትን መልስ የሚደግፍ ሰው ማግኘት ግድ ሆነባቸው፤ መልሱ ባትሪ ከሆነና ባትሪው አዲስ ከሆነ፥ የቀረው ሰው ብቻ ነበርና። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ሲባል ጥርሱ የሚሰበረው የጅቡ ይመስለናል፤ በመሥሪያ ቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው የሌላ ሰው ጥርስ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል እንሻገር፤ ይኸውም ሞተሩ እየዞረ የማይነሣው መኪና ነው። በዚህ ጊዜ ባትሪ መለወጥም ሆነ ሕዝብ ጠርቶ መግፋት ጥቅም የለውም፤ መግፋት የሚሠራው የሞተሪኖውን ሥራ ብቻ ስለ ሆነ፥ ሞተሪኖው ሥራውን ከፈጸመ ገፊው የሚጨምረው ነገር የለም። ማርሹ አውቶማቲክ የሆነ መኪናማ ከመጀመሪያውም ተገፍቶ አይነሣም። እዚህ ላይ መጠየቅ የሚገባው «ነዳጁ ደርሷልን? እሳቱስ?» ተብሎ ነው። ከሁሉ አስቀድሞም በነዳጅ መለኪያው ላይ ብቻ ሳይታመኑ ነዳጅ መኖሩን ማረጋገጥ ነውር አይደለም።

በቤንዚን የሚሠራው ሞተር እሳቱን የሚያገኘው ከካንዴላ ነው። በዘመናዊዎቹ ላይ ቁልፉ እስከ መብራቱ ድረስ ብቻ ሲዞር፥ ከኋላ በኩል የነዳጁ ፓምፕ ለሁለት ሰከንድ ያህል «እዝዝ» ሲል ይሰማል፤ ካልተሰማ ጥርጣሬው ወደ ፓምፑና ወደ ፊውዙ ይሄዳል። የቁልፍ ሥዕል ያለበት መብራት ያለማቋረጥ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ደግሞ፥ መኪናው ቁልፉን አላወቀውም፤ ሌባ መስሎታል ማለት ነው። እዚህም ላይ ሞተሩን ከመፍታት በፊት ሁለተኛውን ቁልፍ መሞከር ይቀድማል።

የናፍጣ ሞተር ግን የካንዴላ እሳት የለውም። አየሩን ወደ ሃያኛ እጁ ገደማ አምቆ ከ400 ዲግሪ በላይ ያግለውና፥ ናፍጣው በዚያ ግለት ይቀጣጠላል። የደጋ ጠዋት የሚያስቸግረውም በዚህ ምክንያት ነው። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ የሚታመቀው አየር ያነሰና የቀዘቀዘ ሲሆን፥ የማሞቂያው ካንዴላ መብራቱ እስኪጠፋ ሳይታገሡ ቁልፍ ማዞር ባትሪን ማድከም ብቻ ይሆናል። ሞተሩ በሚዞርበት ጊዜ የጭስ ማውጫውን መመልከትም ታላቅ ጥያቄ ነው። ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፥ አልተቃጠለም፤ ስለዚህ የጐደለው ሙቀት ነው። ምንም ጭስ ካልወጣ ናፍጣው ከነጭራሹ አልደረሰም፤ ያን ጊዜ ፊልትሮውና በቧንቧው ውስጥ የገባው አየር ይመረመራል። አየሩንም በፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ በመምታት ማስወጣት ይቻላል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ በኋላ፥ «እንግዲህ ይህ ሁሉ ዕውቀት ሊቀር ነው» የሚሉ አሉ። በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪና ሞተሪኖም፥ ናፍጣም፥ ጭስም የለውም፤ እውነት ነው። ነገር ግን አብዛኞቹ ከትልቁ ባትሪ ሌላ አንድ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኘውን ማብሪያ የሚያዝዘው ይህ ትንሹ ነው። ትንሹ ከሞተ፥ ትልቁ እስከ አፉ ቢሞላም መኪናው አይነቃም። ባለቤቱም «ትናንት ማታ ሞልቼው» እያለ ይደነቃል። ብርቱካንማ ቀለም ያላቸውን ገመዶች ሙያው የሌለው ሰው ሊነካቸው አይገባም፤ ለሕይወት ያሰጋሉና። ጥያቄውን ግን ማንም ሊጠይቅ ይችላል፤ «የጠፋው ኃይሉ ነው፥ ወይስ ኃይሉ የሚሄድበት መንገድ?»

ሥራችን ከመኪና ጋር ለሆነው ለብዙዎቻችን አንድ ቀላል ምክር አቅርበን እናበቃለን። በእያንዳንዱ መኪና መሳቢያ ውስጥ አንድ ደብተር ይቀመጥ። መኪናው አልነሣ ባለ ቁጥር አራት ነገሮች ይጻፉበት፦ ቀኑና ሰዓቱ፤ ቁልፉ ሲዞር የተሰማው ድምፅና መብራቱ ያደረገው ነገር፤ የተለካው ቍጥር፤ የተለወጠው ዕቃና ከተለወጠ በኋላ የታየው ለውጥ። በአንድ ጊዜ ሁለት ዕቃ አይለወጥ፤ ሁለት ለውጦ የዳነ መኪና በየትኛው እንደ ዳነ አይታወቅምና። ደብተሩም በቅድሚያ የሚሞላው በሾፌሩ ቃል ይሁን፤ ከመኪናው ጋር የሚውለው እርሱ ስለ ሆነ።

ደብተርና እርሳስ ብዙ ገንዘብ አያስወጣም። ያለ ምርመራ የሚገዛ ባትሪ ግን የመንግሥትን ገንዘብ ያባክናል፤ ያለ ምርመራ የሚጻፍ ደብዳቤ ደግሞ ሰው በሠላሳ ዓመት ያፈራውን ስም ያጠፋል። መዳቡ በዝገት የተበላ ገመድ በግማሽ ሰዓት ይለወጣል፤ ለሰው ስም ግን መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ የለም።